ውሃ ልኩን ማን ያዘው

ሻርጃ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሐመልማል ገብረ መድህን፤ አሰላ።

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ነው? እኔ ሙቀቱ አናቴን ሊያፈላው ከመድረሱ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ስናወራ መጨረሻው መጯጯህ ሆነ። አባባ "እናንተ ልጆች በወረቀት ተነጋገሩ፣ ጎረቤት ሰማን" ማለቱን ነግረሽኛል። እሺ ብያለሁ። በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ለአባባም ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ጆሮው ስልክ እንደማይሰማ አውቃለሁ።

የላክኩት የባነር ማተሚያ ፕሪንተር በሰላም ደርሶ ሳሎን መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንዲገባ ሲባል አባባ ራሱ የገነባውን ግድግዳ ራሱ አፍርሶ ሰፊ በር ማውጣቱን ሲነግሩኝ ግን ሆዴ ባባ። አንቺ ሁልጊዜ "ማሽን ከምትልክ ራስህ ና" ትይኛለሽ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ባነር ሳትም የኖርኩት ለምን ይመስልሻል? ማሽኑ ሥራ ይጀምር፣ ራሱን ይቻል፤ ያኔ እመጣና አብረን እንሠራለን። ባዶ እጄን መጥቼ አባባ ላይ ሸክም አልሆንም።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይ። ማሽኑ አንዴ ከተተከለ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ ሄድ የሚባለው፣ ጋሪ በምንለው ነገር ላይ ተጭኖ በረጅሙ ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ያ ብረት የፀጉር ያህል ከተጣመመ ማሽኑ አበቃለት። ማንሳት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጋሪውን በቀዩ ብሎን ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ ከእግሮቹ ሥር ብቻ ይነሳል። በወገቡ የያዘው ሰው ጠላቴ ነው።

እግሮቹ ላይ የሚዞሩ ብሎኖች አሉ። የአባባን ውሃ ልክ አውጪ። አንቺ በአንደኛው ጫፍ ብሎኑን አዙሪ፣ እሱ በዚያኛው ጫፍ ውሃ ልኩን ይያዝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ግንብ ያቆመ ሰው ነውና ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

የሚያስብልሽ ወንድምሽ
እንደሻው


አሰላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፤ ሰላምህ ይብዛ። ያን ሙቀት ብታካፍለን ደስ ይለን ነበር፤ እዚህ ክረምቱ ገብቶ የጭላሎን ተራራ ካየነው ሰነበትን።

አባባ ደብዳቤህን ደግሜ እንዳነብለት አደረገኝ። "ጠላቴ ነው" የምትለው ላይ ስደርስ ሳቀ። "ይሄ ልጅ ማሽኑን አግብቶት ነው እንዴ?" አለ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ሙሽራዋ ሆኗል። ሳሎኑን ለሙሽራዋ ለቆ እሱ በስተጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ገብስ እናስቀምጥበት የነበረው። ፀሐይ እንደማይገባበት ታውቃለህ። "እኔ ልተኛበት" ብለው አሻፈረኝ አለ። ሽታዋንም አልወደዳትም። ቀለሟ ሲረጭ ዓይን ያቃጥላል፣ ግቢው ሁሉ ማቅጠኛ ማቅጠኛ ይሸታል።

ውሃ ልኩን እንዳልከው ያዘልኝ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብሎኑን አዞራለሁ፣ እሱ በዚያኛው ጫፍ መነጽሩን ሰክቶ "ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ በዛ፣ መልሺ" ይላል። አረፋዋ መሀል ስትቆም "ገባች" አለ። ግንብ ሲሠራም እኮ ሌላ ቃል አልነበረውም፤ "ገባች" ካላለ አንተም ሲሚንቶውን አታቀብለውም ነበር።

ግን ችግር አለ። ጠዋት ጠዋት ስናትም ባነሩ ላይ ነጫጭ ቀጫጭን መስመር ይወጣል። የባነሩ ዳር እየተጠቀለለ ሄዱን ይነካዋል። ይህ ሲገርመኝ ጋሪው ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሚፍታ የሚባል የኢተያ እህል ነጋዴ ለመጋዘኑ ያዘዘውን ባነር እያተምኩ ጣልኩ፣ እያተምኩ ጣልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ብቻ በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማሽኗን ያያታል።

አባባ ይሳላል። ለመስቀል ና። ማሽኑን ለማየት ብለህም ቢሆን ና።

እህትህ ሐመልማል


ሻርጃ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሐመልማል፤ ለአንቺም ለአባባም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አየሁት። ችግሩ የማሽኑ አይደለም፣ የአያያዝ ነው። እኔ በምሠራበት ቤት እሱን የመሰሉ ማሽኖች ተደርድረው አሉ፤ አንዱም ጠዋት ተነስቶ "ዛሬ አላትምም" ብሎኝ አያውቅም።

መስመሩ ነጭ ከሆነ ሄዱ ተዘግቷል። ሥራ ሳትጀምሪ ማጠቢያውን አስነሺ። ጋሪው የሚቆመው መንገዱ ስለሚጠፋበት ነው። ከረጅሙ ብረት በላይ የተወጠረ ቀጭን ላስቲክ የመሰለ ነገር አለ፤ ጋሪው የት እንደደረሰ የሚያውቀው እሱን እያነበበ ነው። አጠገባችሁ ወፍጮ ቤት አለ፤ ዱቄቱ ገብቶ ሸፍኖታል ማለት ነው። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በቀስታ ጥረጊው። ነጭ ጋዝ እንዳታስነኪው። ባነሩ ደግሞ የሚጠቀለለው ጥቅሉን ሲሚንቶ ላይ ስለምታስተኚው ነው፤ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ይሄን ሁሉ ሰው እንዴት ሳይነገረው አያውቅም?

ለመስቀል አልችልም። ማሽኑ ገና ዳዴ እያለ እኔ እዚያ መጥቼ ምን ልፈይድ? አባባን ሐኪም ቤት ውሰጂው። ሽታው ከሆነ መስኮት ክፈቺ፤ ማራገቢያ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስለ ማሽኑ ስትጽፊ ስለ ማሽኑ ብቻ ጻፊ። እምባና ልመና ከቀላቀልሽበት ብልሽቱን ማግኘት ያቅተኛል።

ወንድምሽ እንደሻው


አሰላ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእንደሻው፤ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልህ።

እንዳልከው ጠረግኩ፣ አጠብኩ፣ ጥቅሉንም አልጋ ላይ ሰቀልኩት፤ ጋሪው መቆሙን ተወ። ነጩ መስመር ግን አልተወም። ያንተ ማሽኖች ሻርጃ ናቸው፣ የእኛዋ አሰላ ናት። ቀለሙ በብርድ ይወፍራል። አባባ ነው የነቃው፤ "እኔ እንኳ ጠዋት ጠዋት እጄ አልታዘዝ ይለኛል፣ እሷ ምን ታድርግ" አለ። አሁን ፀሐይ ሳሎኑን ሳታሞቀው አላስነሳትም፤ የቀለም ዕቃውንም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። መስመሩ ጠፋ። ሚፍታ ባነሩን ወሰደ፣ ወንድሙንም ላከልኝ።

አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሳንባው ላይ ነገር አለ ብለው መድኃኒት ሰጡት። ማሽንህ ድናለች፣ እሱ አልዳነም። እምባ አትቀላቅይ ስላልከኝ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐመልማል


ሻርጃ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሐመልማል፤ ለክቡር አባቴ ለአቶ ገብረ መድህን። ከርመን ለመገናኘት ያብቃን።

መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ። ሥራው በዛ፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ጊዜው እያለቀ ነው። ፓስፖርቴ አለቃዬ ዘንድ ነው። እስኪታደስ አንዲት እርምጃ መሄድ አልችልም።

የማሽኑ ነገር ግን እንዴት እንዳስደሰተኝ! ሥራ በዝቶልሻል ብለው ከአሰላ የመጡ ሰዎች ነገሩኝ። በአሰላ አልፎ ወደ ጮሌ ከተማ በሚመለስ ልጅ እጅ መለዋወጫ ቀበቶና የሄድ መጥረጊያ ልኬያለሁ፤ ተቀበይው። ውሃ ልኩንም አልፎ አልፎ ከአባባ ጋር እዩ፤ የእኛ ቤት ወለል በክረምት እንደሚሰምጥ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሌላ ሐሳብ መጥቶልኛል። እዚህ አንድ ያገለገለ ማሽን በርካሽ እየተሸጠ ነው፤ ስቲከር የሚያትም፣ ከመጀመሪያው ጠበብ ያለ። በስተጓሮ ያለችውን ክፍል አባባ ቢለቅልን ትገባ ይሆን? እሱ ለጊዜው እትዬ የውብዳር ዘንድ ኢተያ ቢሰነብት ምን ይለዋል? አክስታችንም ብቻቸውን ናቸው። አንብቢለትና የሚለውን ጻፊልኝ። ሁለቱ ማሽኖች ከቆሙ ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ቃሌ ነው።

ወንድምሽ እንደሻው


አሰላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሀሰኖ፤ ሻርጃ።

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሀሰኖ። የጎረቤትዎ የገብረ መድህን ልጅ ሐመልማል ነኝ። እናትዎ እማማ ዘሀራ ደህና ናቸው፤ ሰሞኑን ከእኛ ቤት አልተለዩም። ለምን እንደሆነ ከእሳቸው ሰምተው ይሆናል። አባባ ኅዳር 12 ቀን አረፈ። ሳንባው ነው።

እንደሻው አልሰማም። እትዬ የውብዳር ከኢተያ መጥተው ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ተመካከሩና የመኖሪያ ፈቃዱ ሳይታደስ አይነገረው አሉ። ሰምቶ ሁሉን ጥሎ ይመጣና እንጀራው ይቋረጣል ብለው ፈሩ። ደግሞስ የአባት ሞት በስልክ ይነገራል? ሰው ተሰብስቦ፣ ገና በማለዳ በሩን አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞት ነው እንጂ። እርስዎ ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት። ፈቃዱ የታደሰ ሰሞን ያገር ልጆች ሰብስበው መርዶውን ይንገሩልኝ። ብቻውን ሳለ እንዳይሰማ።

እስከዚያ እንደ ወትሮው ስለ ማሽኑ እጽፍለታለሁ። እንዴት እንደምችለው እንጃ። ማሽኑም ተበላሽቷል። ለቀስተኛ እንዲቀመጥ ሳሎኑ ባዶ መሆን ነበረበት፤ እነ ይስሃቅ፣ የእድሩ ወንዶች፣ በወገቡ አንስተው ደጅ አወጡት። ለቅሶው እስኪያልቅ ሸራ ለብሶ ግቢ ቆመ። እኔ አባባ አጠገብ ነበርኩ፤ "በወገቡ አትያዙት" የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ውለታዎን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

ሐመልማል ገብረ መድህን


ሻርጃ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐመልማል፤ አለሽ?

ደብዳቤ ከጻፍሽልኝ ስንት ጊዜሽ ነው? ስደውል አታነሺም። "ደህና ነን፣ እጽፋለሁ" የምትል አንዲት መስመር ላክሽና ጠፋሽ። ስለ ሁለተኛው ማሽን ለጠየቅኩሽም መልስ የለሽም፤ ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ሰው መጠርጠር አልወድም። ግን ማሽኑን አዳማ ላለ ሰው አከራይተሽው ከሆነ ንገሪኝ። እኔ እዚህ ቀለም እየተነፈስኩ የገዛሁት ዕቃ ነው። አባባ ይህን ያውቃል? የአባባን ቃል ጻፊልኝ። እሱ ምን እንዳለ፣ በራሱ አነጋገር።

እንደሻው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፤ እንኳን በጤና ሰነበትህ።

ለማንም አላከራየሁም። አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

አባባ ሰላም ብሎሃል። ብርዱ ስለጠናበት ኢተያ እትዬ የውብዳር ዘንድ ሄዷል፤ እዚያ ሞቅ ይላል።

ማሽኑ ግን ደህና አይደለም። ባነሩ ሲወጣ ወደ ቀኝ እየሸሸ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ታች ሲደርስ ይንጋደዳል። በግራ በኩል ቀለሞቹ ይገጥማሉ፣ በቀኝ በኩል ግን ጥቁሩና ቀዩ ተለያይተው ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ጋሪው ቀኝ ዳር ሲደርስ ይንቋቋል። ላስቲኳን ጠርጌአለሁ፣ ቀበቶውንም የላክኸውን ቀይሬአለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። አባባ ከመሄዱ በፊት ውሃ ልኩን ይዞልኝ "ልክ ነው" ብሏል።

ምን ላድርግ?

ሐመልማል


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐመልማል፤ ከሰላምታ ጋር።

ይህ የሥራ ብዛት ያመጣው ብልሽት አይደለም። የምልሽን አድርጊና ያገኘሽውን ጻፊ፤ በግምት እንዳትመልሺልኝ።

በየእግሩ ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞክሪ፤ የቱ እግር ነው የሚያሳልፈው? ክር ውሰጂና ከፊት ግራ እግር እስከ ኋላ ቀኝ እግር ለኪ፣ ከዚያ ያንኑ ክር ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ዘርጊው፤ እኩል ነው? ጋሪውን በእጅሽ ወደ ግራ ዳር ግፊና በሄዱና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ክፍተት እዪ፤ ቀኝ ዳር ወስደሽም እዪ። ከጋሪው ማቆሚያ በስተቀኝ ያለው ቆርቆሮ ላይ የተመታ ምልክት አለ?

ከቦታው አንስታችሁት ነበር?

አባባ "ልክ ነው" አለ?

እንደሻው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንደሻው፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

የኋላ ቀኙ እግር ወረቀት ያሳልፋል፣ መሬት አልነካም። ክሩ በአንደኛው በኩል ይበቃል፣ በሌላው ያጥራል። ክፍተቱ በግራ ሰፊ ነው፣ በቀኝ ግን ሄዱ ባነሩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቆርቆሮውም ጎድጉዷል።

አዎ፣ አንስተነው ነበር። ባለፈው ወር ሳሎኑን ቀለም ልናስቀባ ብለን ደጅ አወጣነው። ልነግርህ ፈርቼ ነው። ተቆጣኝ፣ ግን እንዴት እንደሚቃና ንገረኝ።

አባባ አሁንም ኢተያ ነው። ደህና ነው።

ሐመልማል


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐመልማል፤

ሰላምታ አልጻፍኩም።

ዛሬ ሥራ ቦታ ደብዳቤሽን ማሽኖቹ መሀል ቆሜ አነበብኩት። የገለጽሽው ማሽን በወገቡ ተይዞ የተነሳ ማሽን ነው። ብዙ ሰው ነው ያነሳው፣ በችኮላ፤ አንድ ሰው እንኳ ጋሪውን አላሰረውም፤ ስለዚህ ሲያዘነብሉት ተንደርድሮ ሄዶ ቆርቆሮውን መታ። ከዚያ ያስቀመጡት ባልተስተካከለ መሬት ላይ ነው፤ ቀናትም ቆሟል፤ ብረቱ በዚያው ጎብጦ ቀረ። ይህን ሁሉ አንቺ ሳትነግሪኝ ማሽኑ ነገረኝ።

ቀለም ቀቢ ማሽን አያወጣም፤ ላስቲክ አልብሶ ይቀባል። አንቺ ደግሞ ሰኔ ላይ የጻፍኩልሽን አትረሺም፤ በወገቡ ሲይዙት ቆመሽ አታዪም ነበር። አልነበርሽም፤ ወይም ነበርሽና ስለ ማሽን የሚታሰብበት ሰዓት አልነበረም። በእኛ አገር ሳሎን ባዶ ተደርጎ ብዙ ወንድ ዕቃ የሚያወጣው ለሁለት ነገር ነው። ሰርግ እንዳልል ወሩ የጾም ነው። ጾሙ ሳይገባ ነው ብልም ከእኛ ቤት የምትዳር አንቺ ብቻ ነሽ፤ ብታገቢ ኖሮ እኔን ለመሳደብም ቢሆን ትጽፊልኝ ነበር።

ደግሞ "ልክ ነው ብሏል" አልሽኝ። አባባ ልክ ነው ብሎ ያውቃል? ታኅሣሥ ሁለት የጻፍሽውን ሳነብ እዚያች ቃል ላይ ቆሜ ነበር፤ እለፋት አልኩ ለራሴ፣ አለፍኳት። ውሃ ልኩን የያዘ አልነበረም። የሞተ አባቴን ውሃ ልክ አስያዝሽልኝ። ኢተያ ወሰድሽው፣ ሰላም አስባልሽው። እኔም "በራሱ አነጋገር ጻፊልኝ" ብዬ ለመንኩሽ። ይህን ምን ብዬ ይቅር እንደምልሽ አላውቅም።

ጋሽ ሀሰኖ ዛሬ "ነገ ጠዋት እቤት ነህ?" አለኝ። አብረን ስንኖር አርብ ጠዋት የት እንደምሆን ጠይቆኝ አያውቅም። ፈቃዴ ሰኞ ታደሰ። ለካ ስትጠብቁ የነበረው እሱን ነው። ነገ ሲያንኳኩ እከፍትላቸዋለሁ። እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እሰማለሁ፤ ከየሥራቸው ቀርተው ለእኔ ብለው ነው የሚመጡት፣ አላሳፍራቸውም። ዛሬ ግን ብቻዬን ነኝ። አንቺ የፈራሽው እሱን ከሆነ ደርሷል።

አለቃዬን ጠይቄው ነበር፤ እስከ ፋሲካ አይለቀኝም። ለአርባው አልደርስም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ጥቅምት ላይ ክፍሉን ይልቀቅልን ብዬ ጽፌ ነበር። አንብበሽለታል?

የማሽኑ መፍትሔ ይህ ነው፤ ሌላ የምጽፈው አጣሁ። የእግሮቹን ብሎኖች ሁሉ ፈቺ። ከኋላ ቀኙ ጀምሪ፣ በትንሽ በትንሹ አስነሺው። ውሃ ልኩን ረጅሙ ብረት ላይ ግራ ዳር አድርጊ፣ ከዚያ መሀል፣ ከዚያ ቀኝ። ሦስቱም ቦታ አረፋዋ መሀል እስክትገባ ድረስ አትቸኩዪ። ክሩን መልሰሽ ለኪ። ቆርቆሮውን ከውስጥ በኩል በእንጨት መትተሽ አቅኚው። በዚያኛው ጫፍ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ።

እንደሻው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ። አባታችንን ነፍስ ይማርልን። ይህን በፊት ልጽፍልህ የሚገባኝን ቃል ዛሬ ጻፍኩት።

ትናንት አርባው ወጣ። እትዬ የውብዳርም፣ እማማ ዘሀራም፣ የእድሩም ሰው ነበሩ። ይስሃቅ ማሽኑን ሊያወጣ ሲል ከለከልኩት፤ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

ይቅር እንደማትለኝ ጽፈሃል። እኔም ተቆጥቼሃለሁ፤ አልደብቅህም። በሞተ ዕለት ልነግርህ ስልኬን ሳነሳ እትዬ የውብዳር ከእጄ ወሰዱት። እሳቸው የፈሩት ሰምተህ ሁሉን ጥለህ እንዳትመጣ ነው። እኔ ደግሞ ሰምተህ እንዳትቀር ፈራሁ። ስለዚህ እሺ አልኳቸው። ባያውቅ ነው ያልመጣው እያልኩ አንድ ወር ኖርኩ። አሁን አወቅህ፤ እስከ ፋሲካ አልመጣም አልክ።

አባባ እንድትመጣ አልለመነህም፤ የለመንኩህ እኔ ነኝ። እሱ "ሥራ አለው፣ ተይው" ነበር የሚለኝ። ሲያመው ሳሎን ልመልሰው ብዬ ነበር፤ "ሙሽራዋን የት ታደርጊያታለሽ" አለኝ። ሐኪሙ "የገደለው ክፍሉ ነው" አላለም። እኔም አላልኩም። የሚል ሰው ግን እድር ላይ አላጣሁም።

ክፍሉን ይልቀቅ ያልከውን አንብቤለታለሁ። ጮክ ብለሽ አንብቢለት ብለኸኝ የለ። ልዘለው ነበር፤ ግን ከስልኬ ላይ ሳነብ ዓይኔን ያየኛል፣ ያውቅብኛል። በማግስቱ ከአልጋው ወርዶ ሜትሩን አመጣና ጫፉን አስያዘኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ክፍሉን ርዝመቱንም ስፋቱንም ለካው። በሩን ለካው። አልጋው ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ትንፋሹ እየተቆራረጠ "ትገባለች በይው" አለ። አልጻፍኩልህም። የሚለውን ጻፊልኝ ብለህ ነበርና ይኸው።

ማሽኑን አቅንቼዋለሁ። በዚያኛው ጫፍ የሚይዝ ሰው አልፈለግኩም። ብሎኑን አዞራለሁ፣ ተነስቼ በዚያ ዞሬ ውሃ ልኩን አያለሁ፣ ተመልሼ እንበረከካለሁ። ስመለስ በዝቶ አገኘዋለሁ፣ እቀንሳለሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ሳሎኑ ሲጨልም አረፋዋ በሦስቱም ቦታ መሀል ቆመች። ቃሉን የሚለው ሰው ስላልነበረ እኔው "ገባች" አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ክሩም እኩል ሆነ።

መጀመሪያ ያተምኩት ለአርባው የአባባን ፎቶ ነው፤ መነጽሩን ሰክቶ የተነሳውን። መስመር የለውም፣ አልተንጋደደም፣ ቀለሙም ገጥሟል። እዚያ የምትሠራበት ቤት ቢታተም ከዚህ አይበልጥም። ፎቶ አንስቼ አልልክልህም፤ ግድግዳው ላይ አለ፣ መጥተህ ታየዋለህ።

እንግዲህ ማሽኑ ድኗል። ስለ እሱ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ስለ ሌላ ነገር ጽፈህልኝ አታውቅም፤ ካለህ ጻፍ።

እህትህ
ሐመልማል ገብረ መድህን